በጆሮ ተማርኩ ብለሃል፤ የተማርከው ግን በዓይንህ ነው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ 26 ዓመቴ ነው። ቤዝ ጊታር ከያዝኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ዩቲዩብ እያየሁ በጆሮዬ ነው የተማርኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኳየሩ ጋር እጫወታለሁ። በቅርቡ አንድ የሆቴል ባንድ ለሙከራ ጠርቶኝ ፊቴ ወረቀት አስቀመጡልኝ። አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም። ‘እሺ ያለ ወረቀት ሞክር’ ሲሉኝም ዘፈኑን ስለማላውቀው ጠፋብኝ። አንዱ ጓደኛዬ ‘ኖታ የማያነብ ሙዚቀኛ አይባልም’ ይላል። ሌላው ደግሞ ‘ኖታ ከጀመርክ ስሜትህ ይሞታል፤ ትልልቆቹም አያነቡም’ ይላል። ከየቱ ልጀምር? ዕድሜዬስ አላለፈም? ባለ አምስት ክር ቤዝ ብገዛስ ይሻለኛል?»

መልስ፦ አንተን ያስጨነቀህ ወረቀቱ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን «ዘፈኑን ስለማላውቀው ጠፋብኝ» ያልከው ነው። በጆሮው የሚጫወት ሰው ማንነቱ የሚለየው እኮ የማያውቀው ዘፈን ሲመጣ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ያዳምጣል፣ ማረፊያዋን ድምፅ ይይዛል፣ በሁለተኛው ዙር ቢሳሳትም አብሮ ይሄዳል። አንተ ያደረግከው ሌላ ነው። ቪዲዮው ላይ የሰውየውን ጣት አየህ፤ «ሁለተኛው ክር፣ ሦስተኛው ፍሬት» (ፍሬት አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር ነው) ብለህ ያዝክ፤ እጅህ እስኪለምደው ደጋገምከው። ይሄ በዓይን መማር ነው። ጆሮህ የተጠራው ትክክል መምታትህን ለማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ድምፁን ፈልጎ ያገኘው እሱ አይደለም።

ታብም ያው ነው። ታብ የቱን ክር የቱ ፍሬት ላይ እንደምትይዝ ይነግርሃል። ድምፁ ምን እንደሆነ አይነግርህም፤ ብዙውን ጊዜ ምን ያህል እንደሚቆይም አይነግርህም። ስለዚህ ታብ ማንበብን ኖታ ማንበብ ብለህ አትቁጠረው። በቪዲዮም በታብም ዘፈን መያዝ ነውር የለውም፤ ለእሁድ ፕሮግራም ሲያጣድፉህ ይጠቅማል። ግን አንድ ዘፈን ተማርክ እንጂ ቀጣዩን የምታገኝበትን መንገድ አልተማርክም።

እንግዲህ ጥያቄህ «ጆሮ ወይስ ኖታ» መሆኑ ቀርቶ ሁለቱም ገና አልተጀመሩም ማለት ነው። ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። እጅህ ተፈትቷል፤ ጊዜ ትጠብቃለህ፤ ከሰው ጋር መጫወት ለምደሃል። ብዙው ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

ከጆሮ እንነሳ። ቤዝን ከቅጂ ውስጥ ለይቶ መስማት የሚከብደው ሁልጊዜ ጆሮ ስላልሠለጠነ አይደለም። ባለ አራት ክር ቤዝ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብሎ ነው የሚቃኘው፤ ጊታሪስቶች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ የሚሏቸው ናቸው። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው፤ ላ 55፣ ሬ 73፣ ሶል 98። የስልክ ስፒከር እነዚህን ዝቅተኛ ድምፆች አያወጣም ማለት ይቻላል። ታዲያ እንዴት እንሰማቸዋለን? ክር ሲመታ ዋናው ድምፅ ብቻውን አይወጣም። እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ አብረውት ይወጣሉ። ስልኩ የሚያሰማህ እነዚህን የላይኞቹን ነው፤ አእምሮህ ከእነሱ ተነስቶ የታችኛውን ይገምታል። ግምት ደግሞ ይስታል። ሦስት እጥፉ የዋናው ድምፅ አምስተኛ ነው (ከእሱ ጀምረህ ስትቆጥር አምስተኛዋ ድምፅ)፤ ማለትም ሚ ሲመታ ሲ (ጊታሪስቶች ቢ የሚሏት) አብሮት አለ። ጀማሪ ቤዚስት ሩቱን፣ ማለትም መነሻውን ድምፅ፣ ከአምስተኛው እያምታታ «ጆሮ የለኝም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ጆሮውማ ደህና ነው፤ ስልኩ ነው የጎደለው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጆሮን ጥሩ አድርጎ የሚሸፍን ሄድፎን ተጠቀም። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ወይም 0.5 አውርደው፤ ድምፁ አይወርድም፣ ጊዜው ብቻ ነው የሚረዝመው። አሁንም ከተደበቀብህ ዘፈኑን በአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ከፍ በሚያደርግ አፕ አጫውተው፤ ቤዙ ከጭቃ እንደወጣ ቁልጭ ብሎ ይመጣል። የድሮ የካሴት ዘፈን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ካሴት ሲገለበጥ ፍጥነቱ ይዛነፋል፤ ዘፈኑ በሁለት ድምፆች መሃል ያርፋል። የትኛውም ፍሬት ላይ አልገጥም ካለህ ጆሮህን አትጠራጠር። ቅጂውን በአፑ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገህ ከቤዝህ ጋር አስማማው፣ ከዚያ ጀምር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ባር (አንድ ባር የምቱ አንድ ሙሉ ዙር ነው) ምረጥ፤ ከዚያ አትብዛ። ቤዙን ሳትነካ ደጋግመህ ስማው። ዘፈኑን አጥፋና የቤዙን መስመር በአፍህ አዚመው። ድምፅህ እዚያ ድረስ አይወርድም፤ በኦክታቭ ከፍ አድርገህ አዚመው፣ ለውጥ የለውም። ማዜም ካልቻልክ ገና አልሰማኸውም ማለት ነው፤ ተመለስና ስማ። ካዜምከው በኋላ ብቻ ቤዙን አንሳ። መጀመሪያ ማረፊያዋን ድምፅ ፈልግ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆምባት እሷ ናት። ሌላው ሁሉ ከእሷ ስንት እንደሚርቅ ትጠይቃለህ። የድምፁን ስም እንደ ተአምር ወዲያው የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ ያ ተሰጥዖ አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ ርቀት መለየት ነው፤ ርቀት ደግሞ በልምምድ ይመጣል። ቤዝ ላይ ሌላም ጥቅም አለው። ክሮቹ በእኩል ርቀት ስለተቃኙ አንድ ቅርፅ ከያዝክ ዘፋኙ «ኪዩን ግማሽ አውርድልኝ» ሲልህ፣ ማለትም ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ እንዲወርድ ሲፈልግ፣ እጅህን አንድ ፍሬት ታንሸራትታለህ። ባዶ ክር (ፍሬት ሳትጫን የምትመታውን) የነካህበት ቦታ ብቻ ነው የሚያስቸግርህ።

በእኛ ቅኝቶች የምትጫወት ከሆነ ጆሮህን በቸልታ ብታልፈው ወዲያው ያጋልጥሃል። ከቪዲዮ የተማረ ቤዚስት እጁ ላይ አንድ ልማድ አለ፦ ሩት፣ አምስተኛ፣ ሩት፣ አምስተኛ። ትዝታ ላይ ችግር የለም፤ ከዶ ብትነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሶል አለች። ባቲና አምባሰልም ላይ ሶልን ታገኛታለህ። አንቺሆዬ ላይ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ የወረደ ነው)። ንጹሕ ሶል የለችም! እጅህ በልማዱ ሄዶ ሶልን ሲመታ ዘፋኙ ሶል ፍላት ላይ ቆሟል። ግማሽ ድምፅ ብቻ ናት ልዩነቷ፤ ግን መድረኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሃል። «አንቺሆዬ ላይ አምስተኛ አትምታ» የሚል ሕግ ልጽፍልህ እችላለሁ። ብትሸመድደውም ይረዳሃል። ቅኝቱ አንቺሆዬ መሆኑን የሚነግርህ ግን ጆሮህ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ለመለማመድ የሮሃ ባንድን የካሴት ዘመን ሥራዎች ስማ፤ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ እየተከተልክ። የሚመታውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም ስማ።

አሁን ወደ ኖታ። ጓደኛህ «ትልልቆቹ አያነቡም» ያለው ግማሽ እውነት ነው። የቢትልሱ ቤዚስት ፖል ማካርትኒ ኖታ እንደማያነብ ራሱ ተናግሯል። ሰው ሁሉ እሱን ይጠቅሳል። ግን ከአጠገቡ ጆርጅ ማርቲን የሚባል የሠለጠነ ሙዚቀኛ፣ የቢትልስ ፕሮዲውሰር፣ ነበረ፤ የቫዮሊንና የቼሎ ክፍል ሲያስፈልግ ወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው እሱ ነበር። አንተ ጆርጅ ማርቲን አለህ? በሌላ በኩል የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት የነበረውን ጄምስ ጄመርሰን ተመልከት። ቀኝ እጁ ላይ በአብዛኛው አንድ ጣት ብቻ ነበር የሚጠቀመው። ያነብ ነበር። ስሜቱ ሞተ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስሜት የሚገድለው ማንበብ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሰሙ መምታት ነው፤ ያንን ደግሞ በታብም በቪዲዮም ማድረግ ይቻላል።

የመጀመሪያው ጓደኛህም ተሳስቷል። አዝማሪ ኖታ አያነብም፤ ሙዚቀኛ አይደለም የሚለው ካለ አብሬው አልከራከርም። ደግሞም ጽሑፍና ጆሮ እንደማይጣሉ እኛው አገር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የዜማ ተማሪ ድጓው ላይ ምልክቶች አሉለት፦ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሌሎችም። ግን ከመምህሩ አፍ ሳይሰማ በምልክቱ ብቻ ዜማውን አያወጣውም። ምልክቱ የሰማውን እንዳይረሳ ያስይዘዋል። የፈረንጁ ኖታ ከዚህ ይልቅ ዝርዝር ነው፤ ሰምተኸው የማታውቀውን ሥራ ማንበብ ትችላለህ። ነገር ግን እሱም ሁሉንም አይጽፍም። ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ መምታትን፣ የጣትን ክብደት፣ የማሲንቆን መንሸራተት በደንብ አይዝም። እዚያ ላይ ጆሮ ይረከባል።

ለቤዝ የምታነበው የፋ ቁልፍ ወይም ቤዝ ክሌፍ የሚባለውን ነው። ሁለቱ ነጥቦች ከላይና ከታች የሚያቅፉት አራተኛው መስመር ፋ ነው። ከዚያ ቆጥረህ ሁሉንም ታገኛለህ። ለጅምር አራቱን ባዶ ክሮች ያዝ፦ ሚ ከአምስቱ መስመር በታች በተጨመረች አጭር መስመር ላይ፣ ላ ከታች በመጀመሪያው ክፍተት፣ ሬ በመካከለኛው መስመር፣ ሶል በላይኛው ክፍተት። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ያንኑ ወረቀት ቢመታልህ ካንተ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል። አትደናገጥ፤ የቤዝ ጊታር ኖታ ሲጻፍ ሁልጊዜ ከሚሰማው በኦክታቭ ከፍ ተደርጎ ነው፤ አለዚያ ግማሹ ከመስመሩ ስር ይወድቅ ነበር።

ቤዚስትን ማንበብ ላይ የሚያስቸግረው ግን የድምፁ ስም ሳይሆን ቦታው ነው። ፒያኖ ላይ አንድ ኖታ አንድ ቦታ ነው ያለው። ቤዝ ላይ ባዶዋ ሶል ሬ ክር አምስተኛው ፍሬት ላይም አለች፤ ላ ክር አሥረኛው ላይም፣ ሚ ክር አሥራ አምስተኛው ላይም። ወረቀቱ የቱን እንደምትይዝ አይነግርህም። ባዶው ክር ብሩህ ነው፤ ወፍራሙ ክር ላይ ከፍ ብለህ ስትይዛት ድቡልቡልና ወፈር ያለች ትሆናለች። የቱ ይሻላል? ለዚህ ደግሞ ጆሮህን ነው የምትጠይቀው።

ከሁሉ በላይ ግን ቤዚስት መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ድምፁን ሳይሆን ምቱን ነው። ይሄን ብዙ የማስተማሪያ መጽሐፍ ገልብጦ ያስተምራል፤ እኔ አልስማማም። ድምፅ ብትሳሳት ከድራመሩ ጋር እስከሄድክ ድረስ ሰው ይቅር ይልሃል። ምት ብትስት ግን ባንዱ ይፈርሳል። ስለዚህ ወረቀት ሲሰጡህ መጀመሪያ ቤዙን ሳትነካ አጨብጭበው።

ችክችካን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚጻፈው። ቁጠር፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። እግርህ አንድና አራት ላይ ይረግጣል። አሁን በትዝታ ከዶ ተነስተህ ይህን ጻፍ፦ ዶ ሩብ ኖታ፣ ዶ ስምንተኛ ኖታ፣ ሶል ሩብ፣ ላ ስምንተኛ (እዚህ ሩብ ሁለት ቁጥር፣ ስምንተኛ አንድ ቁጥር ይቆያል)። ዶ አንድ ላይ፣ ዶ ሦስት ላይ፣ ሶል አራት ላይ፣ ላ ስድስት ላይ ትወድቃለች ማለት ነው። ሁለትና አምስት ላይ አዲስ ነገር አትመታም። ስድስቷ ላይ ያለችው ላ ወደ ቀጣዩ አንድ ትገፋሃለች፤ ሰው ትከሻውን የሚነቀንቀው ለእሷ ነው። አሁን ያንኑ ስድስት ቁጥር በሦስት ክፈለው፦ ዶ አንድ ላይ፣ ሶል ሦስት ላይ፣ ላ አምስት ላይ፤ ሦስት ሩብ ኖታ። የቁጥሩ ድምር ያው ነው፤ ስሜቱ ግን ሌላ ነው። ችክችካ ውስጥ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ በሁለት ሲረግጥ ሌላው በሦስት ያስኬዳል። በጆሮው ብቻ የሚሄድ ጀማሪ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ከበሮውን በሦስት ሰምቶ «አንድ»ን የማይገባት ቦታ ያስቀምጣታል። አንዴ በወረቀት ላይ ካየኸው ግን ስድስቱ ቁጥሮች የት እንዳሉ ታውቃለህ፤ ከዚያ በኋላ አትጠፋም።

ስለዚህ ከየቱ ልጀምር ላልከኝ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ጀምር፤ የሚያገናኛቸውም የሰማኸውን መጻፍ ነው። በቀን 40 ደቂቃ ካለህ እንዲህ አድርግ። ሃያውን ከላይ እንዳልኩህ አራት ባር በጆሮህ አውጣና በእርሳስ ጻፈው። መጀመሪያ ምቱን ብቻ፣ ከዚያ ድምፆቹን። አሥሩን ደቂቃ አይተኸው የማታውቀውን ነገር በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥርልህ መሣሪያ ወይም አፕ) አንብብ፤ በደቂቃ 60 ምት ወይም ከዚያ በታች። እዚህ ላይ ሁለት ክልከላ አለ፦ እጅህን አትይ፣ ስትሳሳት አትመለስ። ተመልሶ ማረም ሌላ ልምምድ ነው፤ ባንድ ውስጥ ማንም ቆሞ አይጠብቅህም። የቀረውን አሥር ደቂቃ የፈለግከውን ተጫወት። ለሦስት ወር ለአዲስ ዘፈን ቪዲዮ ላይ ጣት አትይ፣ ታብም አትጠቀም፤ ድምፁን ብቻ ስማ። ይሄኛው ነው የሚከብደው። የኳየሩ መዝሙር ስላለብህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ትንገዳገዳለህ፤ ቢሆንም ያዘው።

የሚነበብ ነገር የለኝም አትበለኝ። የቤዝ ጊታር መጽሐፍ ባታገኝ የቼሎ፣ የትሮምቦን፣ የባሱን ጀማሪ መጽሐፍ በዚሁ ቁልፍ ነው የሚጻፈው። በአራት ድምፅ የተጻፈ የመዝሙር መጽሐፍ ካገኘህ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ የታችኛው አምስት መስመር ላይ ጭራቸው ወደ ታች የሆኑት ኖታዎች የቤዝ ድምፅ ናቸው። ዜማውን ስለምታውቀው ስትሳሳት ራስህ ትሰማዋለህ። ኖታዎቹ ላይ በእርሳስ «ዶ»፣ «ሬ» እያልክ ስም አትጻፍ። ዓይንህ ፊደሉን አንብቦ ኖታውን ይተወዋል፤ ከዓመት በኋላም እዚያው ነህ።

ከመጀመርህ በፊት ቤዝህን መርምረው። ያገለገለ ከሆነ በተለይ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን ነካ አድርገህ የሚወጣውን ጥርት ያለ ድምፅ ስማ፤ ከዚያ እዚያው ላይ ተጭነህ ምታ። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ከክሩ በታች ጫፍ ያሉት መደገፊያዎች ይስተካከሉ ወይም ክሩ አርጅቷል ይቀየር። በተዛባ መሣሪያ ጆሮ ማሠልጠን ጆሮን ማበላሸት ነው። ሄድፎን ላይ ደግሞ ቤዙ አልሰማ ሲል ድምፁን ለመጨመር ትገፋፋለህ። አትጨምር፤ ሌሎቹን በኢኳላይዘር ቀንስ። ጆሮህ ውስጥ ሲጮህብህ ካደረ አልፈኸዋል ማለት ነው። የእጅ አንጓህ ወይም ክንድህ ከደነዘዘ አቁም፤ «ይለምዳል» የሚሉህን አትስማ።

ሆቴሎቹን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ የሚሰጥህ ሙሉ ኖታ ሳይሆን የኮርድ ቻርት ነው፤ የኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ስምና የባሩ ብዛት፣ አልፎ አልፎ ሁሉም አብሮ የሚቆምበት ምት ተጽፎ። ያንተ ወረቀት ይህ ከነበረ ሦስት ወር ይበቃሃል። ኖታ በኖታ የተጻፈ ከነበረ፣ ነፋሾች ያሉበት ትልቅ ባንድ ከሆነ፣ ወይም ለቴአትርና ለስቱዲዮ ከታሰበ፣ እሱ የዓመታት ሥራ ነው። ሲጠሩህ ወረቀቱን ቀድመው እንዲልኩልህ ጠይቅ፤ ነውር የለውም፣ ብዙዎቹ ይልካሉ። ለኳየሩም፣ በጆሮ ለሚሠሩ ባንዶችም ኖታ ግዴታ አይደለም።

ዕድሜህን ተወው፤ 26 ዓመት ለዚህ ምንም አይደለም። ባለ አምስት ክሩን ግን አሁን አትግዛ። የምትጨመረዋ ሲ (ቢ) በሰከንድ 31 ገደማ ነው የምትርገበገበው፤ 41ዱን እንኳ ለይተህ መስማት ያልቻልክበት ጆሮ ላይ ተጨማሪ ጭቃ ነው። ለመሣሪያው ያሰብከውን ገንዘብ ለአዲስ ክር፣ ለሄድፎንና ለመምህር አውጣው። መምህር ስትመርጥ አንድ ነገር ጠይቀው፦ የማታውቁትን ዘፈን አንድ ላይ ሰምታችሁ ቤዙን ፊትህ እንዲያወጣና እንዲጽፈው። «ታቡን እልክልሃለሁ» ካለህ አመስግነህ ሌላ ፈልግ።